የእንግሊዝ ባለ ጭቃ ቅብ ሸክላ

በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በብዛት ይሠራ የነበረው ይህ ሸክላ፣ በውሃ የቀጠነ ባለ ሌላ ቀለም ጭቃ ተቀብቶ ወይም በመስመር ፈስሶበት የሚያጌጥ ነው። ኬንት ውስጥ ሮተም በተባለችው መንደር ዓመቱ የተጻፈባቸው ዕቃዎች ከ1612 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይገኛሉ። የሰሜን ዴቨን ሠሪዎች ነጩን ቅብ እየፋቁ ሥር ያለውን ቀይ ሸክላ ያወጡ ነበር፤ ዕቃቸው እስከ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ተሽጧል። ስሙ የገነነው ግን የስታፈርድሻየር አውራጃ ነው። የዚያው ሸክላ ሠሪ ቶማስ ቶፍት (በ1689 የሞተ) በትልልቅ ሳህኖቹ ላይ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ዛፍ ላይ ሲደበቅ፣ የባሕር ልጃገረድና ሌላም ሥሎ በጠርዙ ላይ ስሙን በጉልህ ይጽፍ ነበር።

ሥራው ሁሉ የእርጥበት ጉዳይ ነው። ቅቡ በጠባብ ወንፊት ይጣራል፤ ውፍረቱ ምጣድ ላይ እንደሚፈስ የእንጀራ ሊጥ ይሆናል። ዕቃው በጣት ሲጫኑት የማይሰረጉድ፣ ሲዳስሱት ግን ገና የሚቀዘቅዝ መሆን አለበት። ከደረቀ በኋላ ከተቀባ፣ ዕቃው መኮማተሩን ስለጨረሰ ቅቡ ብቻውን ይኮማተርና ይላጣል። በጣም ከረጠበ ደግሞ ውሃውን ይመጥና ይዘምማል፤ የማሰሮ እጀታም ይረግፋል። መስመሩ የሚፈሰው የዝይ ላባ ቀሰም ከተሰካበት ትንሽ ገንቦ ነበር፤ ዛሬ የጎማ ፊኛ ተተክቶበታል። ላባ መሰል ንድፍ ሲፈለግ፣ መስመሮቹ ገና እርጥብ በሆነ ቅብ ላይ ይፈስሱና ብልጭታው ሳይጠፋ በላባ ጫፍ አቋርጠው ይጎተታሉ። ብልጭታው ከጠፋ መስመሩ አይጎተትም፣ ይቦጨቃል። ጠፍጣፋ ሳህን መጀመሪያ በዝርግ ጭቃ ላይ ያጌጥና ጠንከር ሲል በቅርጽ ማውጫ ላይ ይጋደማል።

ቢጫ ወርቅማው ድምቀት የመጣው ከእርሳስ ማዕድን ዱቄት ነው። እሳት ላይ ከሸክላው ሲሊካ ጋር ቀልጦ መስታወት ይሆናል፤ በውስጡ ያለው ጥቂት ብረት ነጩን ቅብ ቅቤ ያስመስለዋል። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሮበርት ፕሎት በ1686 እንደገለጸው፣ የስታፈርድሻየር ምድጃ ቁመቱ ስምንት ጫማ ያህል ሲሆን በ24 ሰዓት ያበስል ነበር። እርሳሱ ግን ሠሪዎቹን ይመርዛል፤ እንደ ሆምጣጤ ያለ ኮምጣጣ ሲነካውም ወደ ምግብ ይወጣል። እርሳስ አልባው የመስታወት ልባስ ደህና ነው፣ የእርሳሱን ሞቅ ያለ ቀለም ግን አይተካም። የዛሬ ሠሪዎች ከ1000 እስከ 1100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያበስላሉ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነጫጭ ዕቃዎች ማዕዱን ሲወስዱት የገጠር ሠሪዎች በመጋገሪያ ሳህንና በገንቦ ቀጠሉ። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊችና ጃፓናዊው ሾጂ ሃማዳ በ1920 እንግሊዝ ውስጥ ሴንት አይቭስ ላይ ሥራ ከጀመሩ በኋላ ጥበቡ እንደገና ትኩረት አገኘ፤ የሊች ተማሪ ማይክል ካርዲውም በ1926 ዊንችኮም ላይ የቆየ የሸክላ ሥፍራ ተከራይቶ፣ ለወጥ ቤት የሚሆን ገንቦና ሳህን በብዛት ሠራ።