ወጣት ሴት መሪዎች በፓስፊክ ደሴቶች

በፓስፊክ ደሴት አገሮች ፓርላማ የሴቶች ቁጥር ከዓለም ዝቅተኛው ነው። ከ2017 ምርጫ በኋላ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ፓርላማ አንዲትም ሴት አልነበረችም (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በቫኑዋቱ በ2022 ከ52 ወንበር አንዱን ሴት ስታሸንፍ ትልቅ ዜና ነበር። ወጣቶቹ ሴቶች ግን በሩ እስኪከፈትላቸው ቆመው አልጠበቁም። አብዛኞቹ ስም ያወጡት በአየር ንብረት ጉዳይ ነው።

ሳሞዋ

በሳሞዋ የመንደር ነገር የሚቋጨው በ«ማታይ» ነው። ማታይ ማለት ዘመድ አዝማድ ተመካክሮ የሚሾመው የቤተሰብ አለቃ ነው። ለፓርላማ የሚወዳደርም ማታይ መሆን አለበት። ሕጉ ሴትን አይከለክልም። ሴት ማታይ አንቀበልም የሚሉ መንደሮች ግን አሉ። እነሱ «ባህላችን ነው» ይላሉ። ነገሩ ከሚስዮናውያን በኋላ የመጣ ነው የሚሉም አሉ፤ ይሄኛው ይበልጥ ያሳምናል።

ለወጣት ሴት የተተወ አንድ የክብር ቦታ ግን ከጥንት አለ። «ታውፖው» ትባላለች፤ የትልቅ አለቃ ልጅ ናት። በበዓል ቀን «ቱይጋ» የሚባለውን ረጅም የራስ ጌጥ ደፍታ፣ በእንጨት ገበታ «አቫ» የተባለውን መጠጥ ትበጠብጣለች። ጉባኤው ሁሉ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ንግግሩ የአለቆች ነው።

ፊያሜ ናኦሚ ማታዓፋ የአባቷን ማዕረግ የወረሰችው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለች ነው፤ ያውም ከዘመዶቿ ጋር ፍርድ ቤት ተካስሳ። በ2021 የአገሪቱ የመጀመሪያ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። የሚገርመው መንገዷን ሊዘጋ የነበረው የሴቶች ኮታ ነው። ምርጫ አስፈጻሚው በኮታው ስም ለተቃራኒው ፓርቲ አንዲት ሴት ጨመረና ወንበሩ 26 ለ26 ሆነ። ፍርድ ቤት ጭማሪውን ሻረው። ግንቦት 24 ቀን የፓርላማው በር ተቆልፎ ስለጠበቃት ቃለ መሐላዋን ግቢው ውስጥ በድንኳን ፈጸመች።

የአየር ንብረት ትውልድ

መስከረም 2014 ኒውዮርክ፣ የተባበሩት መንግሥታት አዳራሽ። የማርሻል ደሴቶች ገጣሚ ካቲ ጄትኒል-ኪጂነር ለሰባት ወር ልጇ የጻፈችውን ግጥም አነበበች። ስትጨርስ ባሏ ሕፃኗን ታቅፎ መድረክ ላይ ወጣ፤ የመንግሥታት መሪዎች ተነሥተው አጨበጨቡ። የካቲ አገር ከባህር ወለል በአማካይ ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለች ናት። መሬት የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። እናቷ ሂልዳ ሃይኔ ደግሞ በ2016 የአገሪቱ የመጀመሪያ ሴት ፕሬዚዳንት ሆናለች።

የሳሞዋዋ ብሪያና ፍሩኤያን የጀመረችው በ11 ዓመቷ ነው። በ2021 በግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ መክፈቻ ላይ መሪዎቹን ፊት ለፊት ስታናግር በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። ይዛ የሄደችው «ድንጋይ ይበሰብሳል፣ ቃል አይበሰብስም» የሚለውን የአገሯን ተረት ነው።

ከሁሉም ሩቅ የተጓዘው ግን የክፍል ውስጥ ሐሳብ ነው። በ2019 ቫኑዋቱ፣ ፖርት ቪላ ውስጥ 27 የሕግ ተማሪዎች አየር ንብረትን ወደ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት እንውሰድ አሉ። (ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በናሚቢያ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን የከሰሱት እዚያው ነበር።) የቫኑዋቱ መንግሥት ሐሳቡን ተቀበለ። መጋቢት 29 ቀን 2023 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፍርድ ቤቱ አስተያየቱን እንዲሰጥ የሚጠይቀውን ውሳኔ ያለ ተቃውሞ አሳለፈ። ታኅሣሥ 2024 ፍርድ ቤቱ በሚቀመጥበት ሄግ ከተናገሩት አንዷ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት፣ የሰለሞን ደሴቶቿ ሲንቲያ ሁኒዩሂ ናት። ከዳኞቹ ፊት የቆመችው የአገሯን ባህላዊ የራስ ጌጥ አድርጋ ነው። ሐምሌ 23 ቀን 2025 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ አየር ንብረትን መጠበቅ የመንግሥታት ሕጋዊ ግዴታ ነው አሉ። ለተማሪ ሥራ ይህ ቀላል አይደለም።

ውጭ አገር መጨብጨብ አገር ቤት በመንደር ሸንጎ ላይ ቃል አያሰጥም የሚሉ ተቺዎች አሉ። እውነትነት አለው።

ቡገንቪል

ቡገንቪል የፓፑዋ ኒው ጊኒ ራስ ገዝ ክልል ናት። እዚህም መሬት በአብዛኛው የእናት ነው። በ1990 የተወለደችው ቲዮኒላ ሮካ ማትቦብ ፓንጉና በተባለው የመዳብ ማዕድን አካባቢ ነው ያደገችው። በ2020 ለክልሉ ምክር ቤት ተመረጠች። በዚያው ዓመት ከ156 ነዋሪዎች ጋር በማዕድን ኩባንያው በሪዮ ቲንቶ ላይ አውስትራሊያ ውስጥ አቤቱታ አቀረበች፤ በዓመቱ ኩባንያው ማዕድኑ ያደረሰው ጉዳት የሚጠናበትን ወጪ ለመሸፈን ተስማማ። ከእሷ በፊት በ1987 የዚያው ማዕድን የባለ መሬቶች ማኅበር አዲስ አመራር ሲመርጥም ሊቀመንበሯ ሴት ነበረች፤ ፐርፔቱዋ ሴሬሮ።