«ኢሚዩን ቶለራንስ» ምንድን ነው?

አራት ኪሎ ቁጭ ብለናል፤ እኔ ማኪያቶ፣ ወዳጄ ውሃ ይዞ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ክኒኑን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። ማታም በ2 ሰዓት ይደግማል። ኩላሊቷን የሰጠችው እህቱ ናት። «የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ሰውነቴ መቼ ነው የሚለምዳት?» አለኝ።

እሱ የሚመኘው ነገር በሳይንሱ ኢሚዩን ቶለራንስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ የተተከለውን አካል ያለ መድኃኒት እንደ ራሱ ሲቆጥር ማለት ነው። ክኒኑ ሌላ ነገር ነው። መከላከያውን በጅምላ ያደክማል፤ ኩላሊቱ ይተርፋል፣ ኢንፌክሽንም በር ያገኛል። ቶለራንስ ግን መርጦ ነው ዝም የሚለው። ለጀርም እንደ ድሮው ይነሳል።

ፍንጩ የተገኘው ከከብት ነው። በ1945 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሬይ ኦወን የሚባል አሜሪካዊ የመንታ ጥጆችን ደም ሲያይ፣ አንዱ ውስጥ የሌላውን የደም ሴል አገኘ። ማህፀን ውስጥ የእንግዴ ልጃቸው የደም ሥር ተገናኝቶ ደም ተቀያይረዋል። ሲያድጉም ሴሎቹ አልተጣሉም። አብሮ አደግ ናቸዋ!

ፒተር ሜዳዋርና ሁለት ባልደረቦቹ ይህንኑ ለንደን ውስጥ በእጃቸው ሠሩት። ገና ላልተወለዱ አይጦች የሌላ ዝርያ አይጥ ሴል ወጉ። አይጦቹ ሲያድጉ የዚያ ዝርያ ቆዳ ተለጠፈላቸው፤ ያዘ። ከሦስተኛ ዝርያ የመጣውን ግን ገፉት። ሥራው በ1953 ታተመ፤ በ1960 ሜዳዋርን ኖቤል አሸለመው።

ወዳጄ ግን ፅንስ አይደለም። ላደገ ሰው የሚቀረው ደባል ማስገባት ነው፤ የሰጪው የደም ሴል ከራሱ ሴል ጋር አብሮ እንዲኖር ማድረግ። መጀመሪያ መከላከያው እንዲዳከም ይደረጋል፤ ከዚያ የሰጪው መቅኒ ይሰጣል። ከመቅኒው የመጡት ሴሎች ከደረት አጥንት ጀርባ ወዳለው ቲመስ ወደሚባል ዕጢ ይደርሳሉ። ቲ ሴሎች፣ ማለትም ባዕድ ነገርን ለይተው የሚያጠቁት የመከላከያ ሴሎች፣ የሚሠለጥኑት እዚያ ነው፤ ሰጪውን ለማጥቃት የተዘጋጁት እዚያው ይወገዳሉ። አይጥ ላይ ግሩም ይሠራል። ዝንጀሮ ላይ ግን ደባሉ ብዙ ጊዜ ከሳምንታት አያልፍም፤ ቢሆንም አንዳንዶቹ ኩላሊታቸውን ለዓመታት አቆይተዋል። የላብራቶሪ አይጥ በንጹሕ ሳጥን ያደገ ቅምጥል ነው። እኛ ግን ብዙ ጀርም አሳልፈናል፤ ያንን የሚያስታውሱ ሴሎች አንዳንዴ የተተከለውንም ጠላት ነው ብለው ይነሱበታል።

በ2008 የቦስተን ሐኪሞች ኩላሊትና መቅኒ አብረው ስለተሰጧቸው 5 ሰዎች ጻፉ። በዚያን ጊዜ 4ቱ መድኃኒት አቁመው ኩላሊታቸው መሥራቱን ቀጥሎ ነበር።

«አምስተኛውስ?» አለኝ።

«ሰውነቱ ገፋው።»

ክኒኑን አፉ ውስጥ ጨምሮ ውሃውን አነሳ።