ክሊንሲኔት፦ የባሕር ላይ የነዳጅ ፍሳሽን ከሰማይ መቃኘት

ክሊንሲኔት ከመርከብና ከነዳጅ ጉድጓድ ወደ ባሕር የሚፈስ ነዳጅን በሳተላይት የሚቃኝ የአውሮፓ አገልግሎት ነው። የሚመራው መቀመጫውን ሊዝበን ባደረገው የአውሮፓ የባሕር ደኅንነት ኤጀንሲ ሲሆን ሥራ የጀመረው በሚያዝያ 2007 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ቅኝቱ በአብዛኛው የአውሮፕላን ሥራ ነበር። ኤጀንሲው ራሱ የተወለደው ከአደጋ ነው፤ ኤሪካ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በታኅሣሥ 1999 ፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ ለሁለት ተሰብራ ሰጠመች፣ በ2002 ደግሞ ፕሬስቲጅ በስፔን ጋሊሲያ በኩል ተከተለቻት።

የሥራው ልብ ራዳር ነው። ነፋስ የባሕሩን ገጽ ሲነካ ጥቃቅን ሞገዶች ይነሣሉ፤ ከሳተላይቱ የተላከው የራዳር ምልክት እነሱን መትቶ ይመለሳል። ነዳጅ ሲነጠፍበት ግን ገጹ ይለሰልሳል፣ ምልክቱም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነጥራል፤ ምስሉ ላይ ጥቁር ጥላ ይቀራል። ሌሊትም ሆነ ደመና አያግደውም፤ ይህን የሚስተካከል ካሜራ የለም። ነፋስ ግን የግድ ያስፈልገዋል። በሰከንድ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በታች ከሆነ ባሕሩ በሙሉ ይጠቁራል፤ በጣም ከበረታ ደግሞ ነዳጁ ከውሃው ጋር ይደባለቃል።

አልጌ፣ ዝናብና ነፋስ ያልነካው ውሃም ተመሳሳይ ጥላ ይጥላሉ። ስለዚህ ምስሉን ባለሙያ አይቶ ይለያል፤ ሳተላይቱ ባለፈ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ማስጠንቀቂያው ለሚመለከተው አገር ይደርሳል። ጥላው መርከቦች ከሚያሰራጩት የመለያ ምልክት ጋር ይመሳከርና ተጠርጣሪው ይፈለጋል። የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን ዛሬም የአውሮፕላን ወይም የቅኝት ጀልባ ነው። ከአውሮፕላን ሲታይ ቀለሙ ውፍረቱን ይናገራል፦ ክረምት ላይ ጋራዥ ደጃፍ ባቆረ ውሃ ላይ የምናየው ዓይነት የቀስተ ደመና ቀለም ካለው፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ300 እስከ 5,000 ሊትር ነዳጅ አለ ተብሎ ይገመታል።

የራዳር ምስል የፍሳሹን ስፋት እንጂ መጠኑን በቀጥታ አይሰጥም፤ መጠን ላይ ሲደረስ ክርክር አይጠፋም። በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ሲፈነዳ መጀመሪያ የተነገረው በቀን 1,000 በርሜል ነበር። በኋላ የአሜሪካ መንግሥት በጠቅላላው 4.9 ሚሊዮን በርሜል ከጉድጓዱ ወጣ ሲል፣ ፍርድ ቤት ወደ ባሕር የገባውን 3.19 ሚሊዮን አደረገው።

ወደ እኛ ሰፈር፣ በየካቲት 2024 ባብ ኤል መንደብ አጠገብ በሚሳኤል የተመታችው ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ቀይ ባሕር ውስጥ ከመስጠሟ በፊት 18 ማይል የሚረዝም የነዳጅ ቅባት በውሃው ላይ ትታ ነበር፤ በሳተላይት ምስልም ታይቷል።