የጤና መረጃ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ከመዝገብ ወደ ታብሌት

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በጤና ሪፖርት ግን አይመሳሰሉም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዷም የታወቀ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ወባ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ ከየገጠሩ የሚገባ የቀን ሠራተኛም አለ። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ከተሞች የጤና መረጃ በምን እንደሚሰበሰብና ለምርምር እንዴት እንደሚውል ይዳስሳል።

ከኮምፒውተር በፊት የነበረው ታሪክ አጭር ነው፦ ካርድ ክፍል፣ መዝገብ፣ ታሊ ሺት (በጭረት የሚቆጠርበት ወረቀት)፣ ካልኩሌተር።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» ያለውን ዕቅድ በ2008 ዓ.ም. ከጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ጋር ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በ2010 ዓ.ም. ገደማ ዲኤችአይኤስ 2 የሚባለው የጤና ሪፖርት መሰብሰቢያ የኮምፒውተር ሥርዓት በአገር ደረጃ ገባ። ሥርዓቱ መነሻው ኖርዌይ፣ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚህ ሲገባ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሠራ ተደርጓል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 ጀምሮ በቀጣዩ ወር 20 ይዘጋል፣ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ ላይ ይጀምራል። ይህን የማያውቅ ሶፍትዌር የኤችአይቲ (የጤና መረጃ) ባለሙያውን መከራ ያበላው ነበር።

ወር ሲዘጋ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለውን ሩጫ ያየ ያውቀዋል። እያንዳንዱ ክፍል መዝገቡን ይደምራል፣ ድምሩ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ከመላኩ በፊት ግን «ኤልኳስ» የሚሉት ማጣሪያ አለ። ከወሩ ሪፖርት 12 ቁጥሮች በዕጣ ይወጣሉ። ባለሙያዎቹ መዝገቡን ገልጠው እንደገና ይቆጥራሉ። ሪፖርቱ 34 ወላድ ብሎ መዝገቡ ላይ 31 ስም ብቻ ቢገኝ፣ ያ ቁጥር «አይመሳሰልም» ተብሎ ይያዛል። ከ12ቱ ስንቱ እንደተመሳሰለ ታይቶ የሪፖርቱ ጥራት ከሠንጠረዥ ይነበባል። የምርምር ጥራት የሚወሰነው እዚህች ጠረጴዛ ላይ ነው ብንል አላጋነንም። ከዓመታት በኋላ አንድ ተመራማሪ «ከዲኤችአይኤስ የተወሰደ» ብሎ የሚጠቅሰው አኃዝ ያን ቀን የተቆጠረው ነውና።

የቀበሌው ደረጃ ሌላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ለገጠሩ የታሰበ ነበር፤ የከተማው በኋላ መጣ። የየቤቱ መረጃ የሚያዘው የቤተሰብ ማኅደር በሚባለው የወረቀት ፎልደር ነው። ይህን ማኅደር ወደ ታብሌት ያመጣው ኢ-ቺስ የሚባለው መተግበሪያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አንዲት ነፍሰ ጡር ስትመዘግብ መተግበሪያው የክትትል ቀኗን ያወጣል። ቀኑ ካለፈም ያስታውሳል። ወደ ጤና ጣቢያ ስትልካትም ሪፈሩ ጤና ጣቢያው ዘንድ ባለው መሣሪያ ላይ ይታያል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ወረቀቱ አለመቅረቱ ነው። አንድን እናት በማኅደር፣ በመዝገብና በታብሌት መጻፍ ሥራን ያበዛል እንጂ አይቀንስም። ስልክ ቁጥርም ብዙ ጊዜ የባል ወይም የጎረቤት ነው። ባለሙያዋ ደውላ «እትዬ፣ ቀጠሮሽ ዛሬ ነበር እኮ» ልትል ስትል የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው። ስለ ኤችአይቪ ወይም ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ቢሆንስ? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ቀበሌ ድረስ መውረዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ምርምሩን በዋናነት የተሸከመው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው ዕድሜው ገና ነው፤ በጤና ጥናት ግን ከአንጋፋዎቹ ጎን ስሙ ሲጠራ የሚያፍር አይደለም። የቀድሞው ጥናት በወረቀት መጠይቅ ይሰበሰብ፣ በኤፒዳታ ፕሮግራም ወደ ኮምፒውተር ይገባ፣ በኤስፒኤስኤስ በሚባል ሌላ ፕሮግራም ይተነተን ነበር። አሁን ብዙዎች መጠይቁን ኮቦ ቱልቦክስ በሚባል የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ስልክ ላይ ይጭናሉ። ስልኩ የግድ ይመለስ የተባለ ጥያቄ ሳይመለስ አያሳልፍም። «ወልደሽ ታውቂያለሽ?» ለሚለው «አይ» ካለች፣ የወሊዱን ጥያቄዎች ራሱ ይዘላቸዋል። ቀንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲሞላ ማድረግ ይቻላል። ዕድሜ ግን ያው ነው። «በደርግ ጊዜ፣ ድርቁ ሲገባ ተወለድኩ» ያሉ እናትን ስልክ አያሰላላቸውም፤ ጠያቂው ነው የሚያሰላው። ደሴ ላይ ለሚካሄድ ጥናት መጠይቁን ኮምቦልቻ ላይ መሞከር፣ ወይም በተቃራኒው፣ የተለመደ ዘዴ ነው።

የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የደሴ ቅርንጫፍም የላቦራቶሪውን በኩል ይዟል። በኮቪድ ወቅት ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ በጥንቱ የሥጋ ደዌ ማከሚያነቱ የሚታወቀው፣ የሕክምና ማዕከል ሆኖ ነበር። ከዚያ የወጡት ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት ከሕሙማን የወረቀት ካርድ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የሕወሓት ኃይሎች በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለቱን ከተሞች ያዙ፤ የመንግሥት ኃይሎች መልሰው የያዟቸው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። የደሴ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲው ተዘርፈዋል። ኮምፒውተርም የላቦራቶሪ መሣሪያም ሄደ። አስቀድሞ ወደ ማዕከል የተላከው የድምር ሪፖርት አልጠፋም። የታካሚው ካርድ ግን ሌላ ቅጂ የለውም፤ ከጠፋ ጠፋ። የእነዚያን የጦርነት ወራት አኃዝ ከሌላው ወር ጋር አሰልፎ «ወሊድ ቀነሰ፣ ክትባት ቀነሰ» የሚል ጥናት ካያችሁ ጠርጥሩ። የቀነሰው ሪፖርቱም ሊሆን ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኢ-ቺስም ኮቦም ያለ ኔትወርክ ይመዘግባሉ። ለመላክ ግን መሥመር ይፈልጋሉ። መረጃ ሰብሳቢ ታብሌቱን ይዞ መሥመር ያለበት ተቋም ፍለጋ መሄዱ የሥራው አካል ሆኖ ነበር።

ኮምቦልቻ ላይ ያለው ጥያቄ ከዚህም ይለያል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሴቶች ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። የቤተሰብ ማኅደራቸው አገር ቤት ነው። እዚያ «አሉ» ተብለው ይቆጠራሉ፣ እዚህ ደግሞ ከተማው አያውቃቸውም። ማኅደሩ በቤት ስለሚያዝ፣ ተከራይ ቤት በቀየረ ቁጥር መዝገቡ ወደ ኋላ ይቀራል።