ዶክተር አንሰን ጆንስ፦ የቴክሳስ ሪፐብሊክ የመጨረሻው ፕሬዚዳንት

ዶክተር አንሰን ጆንስ የቴክሳስ ሪፐብሊክ የመጨረሻው ፕሬዚዳንት ናቸው። አዎ፣ ቴክሳስ ወደ አሜሪካ ከመግባቷ በፊት ለ10 ዓመት ያህል ራሷን የቻለች ሀገር ነበረች።

እ.ኤ.አ. በ1798 ማሳቹሴትስ ተወለዱ። በ1820 ኒው ዮርክ ውስጥ የሐኪምነት ፈቃድ ቢያገኙም ሥራው አልቀናቸውም። ዕዳ ውስጥ ገቡ። ቬኔዝዌላ ሁለት ዓመት ቆይተው ተመለሱ፤ በ1827 ፊላዴልፊያ ከሚገኘው ጀፈርሰን ሜዲካል ኮሌጅ ተመረቁ። ኒው ኦርሊንስም አልሆነችላቸውም።

በ1833 ብራዞሪያ ሲገቡ ቴክሳስ ገና የሜክሲኮ ግዛት ነበረች። እዚያ ገበያቸው ደራ፤ ገቢያቸው በዓመት 5,000 ዶላር ገደማ ደረሰ። ቴክሳስ ከሜክሲኮ ነፃ ለመውጣት ያደረገችው ጦርነት ሲመጣ የሁለተኛው ሬጅመንት (ክፍለ ጦር) ሐኪም ሆኑ፤ ማዕረጌ ግን ከተራ ወታደር አይለፍ ብለው ድርቅ አሉ። በ1836 ቴክሳስ ድል ባደረገችበት የሳን ጃሲንቶ ውጊያ የዘመቱትም እንዲሁ ነው።

የሪፐብሊኩ ምክር ቤት ሲገቡ ሙያቸውን አልረሱም። ሕክምናን ሥርዓት የሚያስይዝ ሕግ እንዲረቀቅ አገዙ። ለዚህ ብቻ እንኳ ስማቸው ቢነሳ አይበዛባቸውም። ቀጥሎ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን የቴክሳስ መልዕክተኛ፣ ከ1841 ጀምሮ በፕሬዚዳንት ሳም ሂውስተን ሥር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በዲሴምበር 1844 ደግሞ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ብዙ የተጻፈው ስለ 1845 ነው። አሜሪካ ተቀላቀሉን ትላለች። እንግሊዝና ፈረንሳይ በበኩላቸው ሜክሲኮ ለቴክሳስ ዕውቅና እንድትሰጥ ያግባባሉ፤ ቅድመ ሁኔታው ከሌላ ሀገር ጋር አለመዋሃድ ነው። ጆንስ ዝም አሉ። ሕዝቡ ግን ለመቀላቀል ቸኩሏል፤ ዝምታቸው ያበሳጫቸው ሰዎች ምስላቸውን ሠርተው አቃጠሉ። የእንግሊዙ ዲፕሎማት ቻርልስ ኤሊየት ከሜክሲኮ የሰላሙን ሐሳብ ይዞ ሲመለስ፣ በጁን ወር ሁለቱንም አማራጭ ለሕዝብ አቀረቡ። ምክር ቤቱ መቀላቀሉን መረጠ፤ እሳቸውንም ወቀሰ። ሁለት ዛፍ ለመውጣት ሞከሩ ብሎ ማማት ይቻላል። በእኔ እይታ ግን የቴክሳስን ዋጋ ከፍ እያደረጉ ነበር። እሳቸውም በጽሑፋቸው የውህደቱ ባለውለታ እኔ ነኝ ብለው ይሟገታሉ። ጽሑፉ በሂውስተን ላይ የተቋጠረ ቂም ስላለበት ግን ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1846 «የቴክሳስ ሪፐብሊክ ከእንግዲህ የለም» ብለው ሥልጣን አስረከቡ።

ከዚያ ባሪንግተን ባሉት እርሻቸው ተቀመጡ፤ እርሻው የሚታረሰው በባሮች ጉልበት ነበር። ለአሜሪካ ሴኔት ይመርጡኛል ብለው ከ10 ዓመት በላይ ጠበቁ። በ1857 አንድም ድምፅ አላገኙም። በጃንዋሪ 1858 ሂውስተን ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ።

ባለቤታቸው ሜሪ ከብዙ ዓመት በኋላ የቴክሳስ ሪፐብሊክ ሴት ልጆች ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የባሪንግተን ቤት ዛሬ ዋሽንግተን ኦን ዘ ብራዞስ በሚባለው ታሪካዊ ስፍራ ይገኛል።