በጎንደር ዝገት የበላቸውን ትንንሽ የመስክ መኪኖች ማደስ

የዛገ መኪና ማደስ ማለት ዝገት የበላውን ብረት ቆርጦ አውጥቶ፣ በቦታው ጤነኛ ላሜራ በይዶ፣ የተበየደውንም ከውሃና ከአየር ጠብቆ መኪናው ዳግም ሸክም የሚችል አካል እንዲኖረው ማድረግ ነው። ቀለም የዚህ ሥራ መጨረሻ እንጂ ራሱ ሥራው አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰውም ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው። እዚህ የሚዳሰሰው ሥራው ባለ ሁለት ዲፈረንሻል በሆኑት ትንንሽ መኪኖች፣ በተለይም በአሮጌዎቹ ሱዙኪዎች ላይ በጎንደር አየርና መንገድ እንዴት እንደሚከናወን ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። በሰሜን ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራሮች፣ በምዕራብ ወደ መተማ፣ በደቡብ ወደ ጣና ዳሯ ጎርጎራ የሚወስዱ መንገዶች ይነሱባታል፤ ከዋናው መንገድ ወጣ ሲሉ ግን ብዙው በክረምት የሚጨቀይ፣ በበጋ አቧራው የሚቦን ጥርጊያ ነው። አጭር፣ ቀላልና በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት መኪና እንዲህ ባለው ቦታ ከትልልቆቹ የማታንስ አገልግሎት ትሰጣለች። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤትና በእርዳታ ድርጅት ሲያገለግሉ ኖረው በጨረታ ወደ ግለሰብ እጅ የገቡ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ማደስ ከፍቅር ጉዳይነት አልፎ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

ሱዙኪ የመጀመሪያዋን ትንሽ የመስክ መኪና ኤልጄ10ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ሞተሯ 359 ሲሲ ብቻ ነበር። በ1981 የተከተለችው ኤስጄ410 970 ሲሲ ሞተር የያዘች፣ የፊትና የኋላ ጎማዎቿ ርቀት 2.03 ሜትር የሆነች፣ በአራቱም ጎማ ላይ ባሌስትራ (ንዝረት የሚችል፣ የተደራረበ የብረት ቅጠል) ያላት መኪና ስትሆን፣ በ1984 የመጣችው ኤስጄ413 ሞተሯ ወደ 1.3 ሊትር አድጓል። የእነዚህ መኪኖች ትልቁ በረከት ቦዲያቸው ለብቻው ከቆመ ሻንሲ (ከሥር ካለው ተሸካሚ የብረት አጽም) ላይ በብሎንና በጎማ ትራስ የተቀመጠ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቦዲው ተነሥቶ ሁለቱም በየፊናቸው ሊታከሙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣችው የሶቪየቷ ላዳ ኒቫ ግን የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ሸክሙን የሚሸከመው ራሱ ቦዲው ነውና ከበሮቿ ሥር ያለው ደፍ ከዛገ የተበላው ጌጥ ሳይሆን ምሰሶ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ዘዴ መቁረጥ ኒቫዋን ያጣምማታል፤ ደፏ ከመቆረጡ በፊት የበሩ ክፍት ቦታ በብረት ድጋፍ ሊወጠር ይገባል።

ዝገት ብረት ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ውህድ ነው። የአሉሚኒየም ዝገት ከሥሩ ያለውን አሉሚኒየም ሸፍኖ ሲጠብቅ፣ የብረት ዝገት ግን ስፖንጅ መሰል ስለሆነ እርጥበቱን ይዞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የሚይዘው ቦታም ከበላው ብረት በብዙ ይበልጣል፤ በሁለት የተደራረቡ ላሜራዎች መካከል ሲፈጠር ገፍቶ የሚለያያቸውና የፋብሪካውን ብየዳ የሚፈታው በዚህ ምክንያት ነው። ጨው ደግሞ ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል። በረዶ ለማቅለጥ ጨው የሚነሰነስባቸው የአውሮፓ መንገዶች ላይ የኖረች መኪና አገራችን ስትገባ ሕመሙን ይዛው ትመጣለች። ጎንደር ላይ ጨው ባይኖርም ጭቃ አለ። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ሲሆን በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ በእነዚያ ወራት ሻንሲው ውስጥና ፓራፋንጎው (የጎማው ጭቃ መከላከያ) ሥር የተጠቀጠቀው ጭቃ ከውጭ ደርቆ ሲታይ ከውስጥ እርጥበቱን ለብዙ ሳምንታት ይዞ ይቆያል። የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹም በዚሁ ጭቃ ይደፈናሉ።

ሱዙኪዎቹ ላይ ዝገት በብዛት የሚገኝባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ የሾፌሩና የጎኑ ተሳፋሪ እግር የሚያርፍበት ወለል፣ የኋላ ጎማዎች ቅስትና ከኋላቸው ያሉት ማዕዘኖች፣ የፊት መስታወቱ የታችኛው ክፈፍ፣ የበሮቹ ታችኛ ጠርዝ፣ ቦዲው በሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው እግሮች እንዲሁም ባሌስትራው የሚያያዝባቸው የሻንሲ ጫፎች። ምርመራው በመጨረሻ ከተጠቀሱት የሻንሲ ጫፎች መጀመር ይኖርበታል። መኪናዋን በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ላይ አስተካክሎ ማሳረፍ፣ ጭቃውን አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያም ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩና በሹል ብረት እየወጉ መሄድ ያስፈልጋል። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው ደፍኖ ይጮኻል። ማግኔት የማይዝበት የቦዲ ክፍል ስቱኮ (ጎድጓዳ የሚሞላበት ልስን) የተሞላ ነው። ሻንሲው በብዙ ቦታ የተበሳ ወይም የተጣመመ ከሆነ፣ ቦዲው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሥራውን አለመጀመር ይሻላል።

ጎንደር ለብረት ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከከተማዋ ወጣ ብላ በደባርቅ መንገድ በምትገኘው ወለቃ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን በቀጥቃጭነታቸው የታወቁ ነበሩ፤ ማረሻውና ማጭዱ ከእንዲህ ያሉ እጆች ይወጣ ነበር። ጋራዥ ውስጥ የሚነገሩት ላሜራ፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ፍሬን የሚሉት ቃላት ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ከተማዋን የያዘው ወራሪ ሲባረር ቃላቱ ከሙያው ጋር ቀሩ። የዛሬው ባትላሜራ (የመኪና ቦዲ) ሠሪ የእነዚህ ሁለት ውርሶች ተቀባይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቆረጣው የሚቆመው ዝገቱ በሚታይበት ቦታ ሳይሆን ብረቱ ነጭ ሆኖ በሚገኝበት ቦታ ነው። መዳፍ የምታህል የምትመስል ቀዳዳ ስትጸዳ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ ትሰፋለች፤ ደንበኛውም ይህን ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባል፣ አለዚያ ባለሙያው ሆን ብሎ ሥራ ያበዛበት ይመስለዋል። ለቦዲው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ላሜራ ይበቃል። ልኩ በካርቶን ተወስዶ ይቆረጥና ከነባሩ ጋር ጠርዝ ለጠርዝ ይገጠማል፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ ደርቦ መበየድ ቢቀልም በመካከላቸው ውሃ የሚተኛበት ኪስ ስለሚፈጥር ዝገቱን ከነጎጆው መትከል ነው። እንዲህ ላለው ቀጭን ላሜራ ተመራጩ በጋዝ የሚታገዘው ባለ ሽቦ ብየዳ ሲሆን ሽቦው 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ ላሜራውን በቀላሉ ይበሳዋል፤ የኦክስጅን ነበልባል ደግሞ ሰፊ ቦታ ስለሚያግል ያንጋድደዋል። በየትኛውም መሣሪያ ቢሆን መጀመሪያ በየ3 እና 4 ሴንቲ ሜትሩ በነጥብ ይያዛል፤ ከዚያ አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ እያሉ፣ በመካከሉም እያቀዘቀዙ ክፍተቱ ይሞላል። በአንድ ትንፋሽ ከዳር እስከ ዳር የተሳበ ብየዳ ላሜራውን ያሸበሽበዋል።

ሻንሲው የሚጠገነው ከዚህ በወፈረ፣ ወደ 3 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ብረት ነው። የሚበየደው ሳህን ጫፎቹ ቀጥ ብለው ሳይሆን ሰያፍ ሆነው ቢቆረጡ ጭነቱ በአንድ መስመር ላይ ስለማይሰበሰብ ሻንሲው ከብየዳው ጎን አይሰነጠቅም። ባሌስትራ ፈጽሞ አይበየድም፤ እሳት ያገኘው ባሌስትራ በፋብሪካ የተሰጠውን ጥንካሬ አጥቶ ይሰበራል። ከማንኛውም ብየዳ በፊት የባትሪው ገመድ ይነቀላል፣ የነዳጅ ታንኩም ወርዶ ከሥራው ቦታ ይርቃል። ባዶ ታንክ ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነውና። የቤት ቆርቆሮ የሚመስል ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስም ማታ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ያስከትላል፤ መድኃኒቱ ዚንኩን አስቀድሞ ፍቆ አየር በሚነፍስበት ቦታ መሥራት እንጂ ብዙዎች እንደሚያምኑት ወተት መጠጣት አይደለም።

ያልተበሳና ላይ ላዩን ብቻ የዛገ ብረት መቆረጥ አያስፈልገውም። በሽቦ ብሩሽ ከተፋቀ በኋላ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት መድኃኒት ሲቀባ የቀረው ዝገት ወደ ብረት ፎስፌት ይለወጣል፤ ይህ ግን ለተቦረቦረ ላሜራ ማዳኛ አይሆንም። ከዚያ ኢፖክሲ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቅብ) ይቀባል፣ ስቱኮውም የሚመጣው በእርሱ ላይ ነው። በባዶ ብረት ላይ የተለሰነ ስቱኮ እርጥበት ስለሚመጥ ከሥሩ ያለው ብረት ሳይታይ ይበላል፤ ከ2 እና 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ደግሞ በኮረኮንች መንገድ ንዝረት ይሰነጠቃል። የቀለሙ ሥራ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወቅት ቢያልቅ ይመረጣል። ከሥር የተቃጠለ ዘይት መርጨት በሰፊው የተለመደ ቢሆንም ዘይቱ የባሌስትራውን የጎማ ትራሶች ያላላል፣ መሬቱን ይበክላል፣ በመጀመሪያው ጎርፍም ይታጠባል። በሻንሲው ውስጠኛ ክፍል ሰም፣ በውጩ መገጣጠሚያዎች ላይ ወፍራም ግራሶ የተሻለ ይቆያል።

ስለ ሞተሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የኤስጄ410 ጉልበት በባሕር ወለል ላይ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሆን በጎንደር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ አንድ አምስተኛው ያህል ይቀንሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተርም ነዳጅ ያበዛና ካንዴላውን ያጠቁራል። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ፍሬኑ ነው። የዛጉት የፍሬን ቧንቧዎች ቦዲው ተነሥቶ ሳለ በሙሉ ቢለወጡ ወጪው ትንሽ ነው፤ በቁልቁለት ለሚኖር ሾፌር ይህ የሚዘለል ጉዳይ አይደለም።

በሻንሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር መመሳሰል ስላለበት፣ ያ ክፍል በግራይንደር ሊነካ ወይም በሳህን ሊሸፈን አይገባም፤ ቁጥሩ ከጠፋ መኪናዋ ለዓመታዊው ምርመራ ስትቀርብ ባለቤቱ ማስረዳት የማይችለው ችግር ይገጥመዋል። እድሳቱ በትክክል መሠራቱ የሚታወቀው ደግሞ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ነው። በመስከረም መጨረሻ መኪናዋ ከሥር ታጥባ፣ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቿ በሽቦ ተከፍተው፣ ብየዳዎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፤ በመስመሩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ብርቱካናማ ቀለም ከታየ ያ ቦታ ተፍቆ ከኅዳር በፊት ዳግም ይቀባል።