ግለ ሳንሱር ምንድን ነው? የጦርነት ፎቶ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ሳንሱር ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን በጃንሆይም ሆነ በደርግ ዘመን ጋዜጣና መጽሐፍ ሳይታተም በፊት እያነበበ ያልወደደውን የሚሰርዘው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ግለ ሳንሱር ያ ሰውዬ የሌለበት ሳንሱር ነው። ማንም «አታውጡ» ሳይል አዘጋጁ ራሱ አመዛዝኖ፣ አዝኖ ወይም ፈርቶ ያስቀረዋል። በጽሑፍም ያለ ነገር ነው፤ በጦርነት ፎቶ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶው ተነስቷል፣ እውነተኛነቱ አላጠራጠረም፣ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል፤ የቀረው ይውጣ ወይስ ይቅር የሚለው ብቻ ነው።

ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው አሜሪካና አጋሮቿ ኢራቅን ከኩዌት ያስወጡበት የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1991፣ የተኩስ አቁሙ በተጀመረበት ዕለት፣ አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ኬኔት ጃሬኪ በደቡብ ኢራቅ አውራ ጎዳና ላይ የነደደ የጭነት መኪና አገኘ። ውስጡ አንድ የኢራቅ ወታደር አለ። የፊት መስታወቱ በነበረበት ቦታ ክንዶቹን አውጥቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ለመውጣት ሲታገል እንዳለ ከስሎ ቀርቷል። አብሮት የነበረው የጦሩ የሕዝብ ግንኙነት መኮንን ይህን ለምን እንደሚያነሳ ሲጠይቀው፣ እኔ ካላነሳሁት እናቴን የመሰሉ ሰዎች ጦርነት ማለት ፊልም ላይ የሚያዩት ይመስላቸዋል የሚል መልስ ሰጠው።

በዚያ ጦርነት ጋዜጠኞች የሚንቀሳቀሱት በወታደር አጃቢ ነበር፤ ፎቶዎቻቸውም በጦሩ እጅ ያልፉ ነበር። ስለዚህ ጦሩ ከልክሎት ነው ብሎ የሚገምት አይጠፋም። አልከለከለውም። ፎቶው በወታደሩ ወንፊት አልፎ ኒውዮርክ፣ ኤፒ የተባለው የዜና ወኪል ዘንድ ደረሰ፤ እዚያ ያሉ አዘጋጆች ለጋዜጦች ከሚሠራጨው መስመር ላይ አነሱት። ታይምና ላይፍ መጽሔቶችም አላወጡትም፤ ላይፍን ሕጻናትም ያነቡታል የሚል ምክንያት ተሰጥቷል። ለንደን ላይ ኦብዘርቨር ጋዜጣ በማርች አተመው፤ ከአንባቢም ቁጣ ወረደበት። አሜሪካ ውስጥ ግን ሰፊው ሕዝብ የዚያን ጦርነት ያየው በአብዛኛው ከአውሮፕላን በተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ የኢላማ መስቀል፣ ሕንፃ፣ ከዚያ ጭስ። ሰው የለበትም።

አዘጋጆቹ ክፉዎች ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ቁርስ እየበላ ጋዜጣ የሚገልጥ ቤተሰብ አለ፤ የሟችም ክብር አለ። የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ ርኅራኄው ለሁሉም ሬሳ እኩል አይደርስም። የሩቅ አገር ሬሳ ፊቱ ሳይሸፈን ገጽ ላይ ሲወጣ፣ የራስ ወገን ሲሆን ስለ ክብርና ስለ ቤተሰብ ይታሰባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ የሞቱ ወታደሮቿን ፎቶ ለረጅም ጊዜ ከልክላ ቆይታለች። ላይፍ በሴፕቴምበር 1943 ኒው ጊኒ ውስጥ ቡና በተባለ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የወደቁ ሦስት ወታደሮችን ያሳየው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከፈቀዱ በኋላ ነው፤ ያኔም የአንዳቸውም ፊት አይለይም።

ፊት አለመለየቱን ግን እኛ አገር የሚንቅ ያለ አይመስለኝም። መርዶ ወግ አለው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ማለዳ በር ያንኳኳል። በኤፕሪል 2015 አይ ኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የቀረጸውን ቪዲዮ ሲለቅ ይህ ወግ ተጣሰ፤ የዘመዳቸውን መሞት ከዚያው ምስል ያወቁ የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ነበሩ። ያ ቪዲዮ ከጃሬኪ ፎቶ ጋር አንድ ላይ የሚመዘን አይደለም። የቀረጸው ገዳዩ ነው፤ የቀረጸውም እንዲታይለት ነው። እሱን ያላሳየ ጣቢያ እውነት ደበቀ አልልም፤ ዜናውን በቃል መናገር በቂ ነበር። ስለዚህ ምስሉ ምን ያህል ይዘገንናል ከሚለው በፊት ማን አነሳው፣ ለምን አነሳው፣ ቤተሰብ ተረድቷል ወይ የሚሉት ይቀድማሉ።

አሁን ደግሞ ወሳኙ አዘጋጅ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 ቬትናም ውስጥ በናፓልም፣ ማለትም ገላ ላይ ተጣብቆ በሚነድ ቦምብ፣ ተቃጥላ ራቁቷን የምትሮጠውን ልጅ ፎቶ በኤፒ የሳይጎን ቢሮ ውስጥ መጀመሪያ የተቃወመ አዘጋጅ ነበር፤ ምክንያቱ እርቃኗ መሆኗ ነው። የፎቶ ኃላፊው ሆርስት ፋስ ተከራክሮ አስላከው። እ.ኤ.አ. በ2016 ፌስቡክ ያንኑ ፎቶ በዚያው በእርቃን ምክንያት ከኖርዌዩ አፍተንፖስተን ጋዜጣ ገጽ ላይ አጠፋ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ ቢለጥፉትም የእሳቸውንም አነሳ። ጋዜጣው ለፌስቡክ ኃላፊ ለማርክ ዙከርበርግ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ በፊት ገጹ ካወጣና ጩኸቱ ከበረታ በኋላ ኩባንያው ፎቶውን መለሰ። ሳይጎን ላይ ፋስ የሚከራከረው ሰው ፊት ለፊቱ ነበር፤ ዛሬ ፎቶው የተሰረዘበት ተራ ተጠቃሚ ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው «ደንብ ጥሰዋል» የሚል አጭር መልእክት ነው።